ኮሎኔሉ ደነገጡ

እናቴ ቤት ሦስት ምጣድ አለ። አንዱ በየሦስት ቀኑ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ ከጓዳ ወጥቶ ጉልቻ ላይ የሚጣድ የሸክላ ምጣድ ነው። ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ እንኳን እንጀራ ሊጋገርበት ቆሎም አይቆላበት፤ ግን የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ይኸው ስንት ፋሲካ አለፈው። አንድ ጊዜ «እማዬ፣ ይሄን እንኳ ብንጥለው?» ብያት ነበር። እሷን እናውጣት ያልኩ ይመስል አየችኝ።

ይህን የማነሳው እናቴን ለማማት አይደለም። ኋላ እንደታወቀው እኔም ኮምፒውተሬ ውስጥ ስድስት ከርነል አከማችቼ ኖሯል። እሷ ቢያንስ ምጣዶቿን ታውቃቸዋለች። እኔ ግን መኖራቸውን ያወቅሁት ቦታ ጠቧቸው መጋፋት ከጀመሩ በኋላ ነው።

ከርነል ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው የድግስ ቤት ምሳሌ ይቀለኛል። እንግዳው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ወጡ፣ ጠላው፣ ሳህኑ ጓዳ ነው። ጓዳውን የያዘች አንዲት ቆፍጣና ሴት አለች፤ ማንም እንግዳ ዘው ብሎ ገብቶ ድስት አይከፍትም። የፈለገ በአሳላፊ ይጠይቃል፤ እሷ አይታ፣ ለክታ፣ ተራ አስጠብቃ ትሰጣለች። ሁለት ሰዎች ለአንድ ቅልጥም ቢጣሉ የምትዳኛቸው እሷ ናት። እንግዶቹ ፕሮግራሞቹ ናቸው፤ ብሮውዘሩ፣ መጻፊያው፣ ዘፈን ማጫወቻው። ጓዳው ውስጥ ያለው ሜሞሪው፣ ዲስኩ፣ ዋይፋዩ ነው። ባለ ጓዳዋ ከርነል ናት። እንዲያውም በትክክል ከተነገረ ሊኑክስ የሚባለው እሷ ብቻ ናት፤ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ያመጡት ሌሎች ናቸው።

ሊኑክስ ቤቴ የገባው በ2012 ነው፤ ኮሮና ሁላችንንም ቤት ዘግቶብን የእህቴ ልጅ የሚነካካው ነገር ያጣ ጊዜ። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከግድግዳ ሲነቀል ነፍሱም አብራ ትነቀላለች። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ዊንዶውስ አይችልም፤ ኡቡንቱ ልጫንልህ» አለኝና የዚያን ሚያዝያ የወጣውን 20.04 ጫነልኝ። ቁጥሩ ምዕራፍና ቁጥር መስሎኝ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ልጠይቀው ነበር። የፈረንጆቹ 2020፣ አራተኛው ወር ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ 12.08 ይባል ነበር። ኡቡንቱን እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ነው፤ ስሙንም ከዚያው አካባቢ ሰው መሆንን፣ ሰብዓዊነትን ከሚገልጽ ቃል ወስዶታል። አፍሪካዊ ስም አይቼ የእኛን ዘመን አቆጣጠርም ያውቃል ብዬ ማሰቤ የዋህነት ነው።

የእህቴ ልጅ በዚህ አላበቃም። «ሌባ ቢወስደው እንኳ ጽሑፍህን አያነብም» ብሎ ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆለፈልኝ። የመከራዬ ሥር ይህች ደግነት ናት። ቤቱ ጥርቅም ተደርጎ ከተቆለፈ፣ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን የሚከፍተው ደጅ ማደር አለበት። ስለዚህ ግቢው በር አጠገብ ቡት የምትባል ዘበኛ ቤት ተሠራች፤ ስፋቷ 700 ሜጋባይት ገደማ። ከርነሉ የሚያድረው እዚያ ነው። (ባለ ጓዳዋ እዚህ ላይ ዘበኛ ሆነች፤ ምሳሌ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል።) ከርነል ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። የዲስኩን መክፈቻና ለመነሻ የሚበቁትን ድራይቨሮች የቋጠረ ስንቅ ይይዛል፤ ኢኒትራምኤፍኤስ ይሉታል። ከነስንቁ 100 ሜጋባይት ይሞላል። አዲስ ሲመጣ አሮጌው አይባረርም፤ አዲሱ ምናልባት ቢያስቸግር ተብሎ እዚያው ይቆያል። አብዛኛው ሰው ቤት ሲስተሙ ራሱ የቆዩትን እየለየ ይጠርጋቸዋል። የእኔን የሚጠርገው አልነበረም፤ የእህቴ ልጅ «ፓኬጅህን እንዳይበላብህ» ብሎ አውቶማቲክ ማሻሻያውን ከነመጥረጊያው ዘግቶልኝ ነበር። ይህ ሁለተኛው ደግነት ነው።

እንጀራዬ እርማት ነው። ሰዎች የጻፉትን እያነበብኩ ፊደል እለቅማለሁ፤ ስለዚህ ምክንያት የሌለው ቁጥር ሳይ እንቅልፍ ይነሳኛል። የከርነል ቁጥሮች ብዙ እንቅልፍ ነስተውኛል። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ሥራውን ሲጀምር ከ0.01 ነው የተነሳው፤ እስከዚህ ትሑት ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት የመካከለኛው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ገና እየተሞከረ ነው፣ ሙሉ ከሆነ ይታመናል የሚል ልማድ ነበር። 2.4 ይታመናል፤ 2.5 ላይ እጅህን ሰብስብ። ጎዶሎ ቁጥር እንደማይወዱ ሽማግሌዎች ማለት ነው። 2.6 እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ወጣና ልማዱ ተረሳ፤ 2.6 ላይ ተቸንክረው ከጎኑ ሦስተኛ ቁጥር እየጨመሩ 2.6.39 ደረሱ። በ2011 ሰውዬው ሰለቸውና 3.0 አለው። ምን ተለወጠ ቢሉት፣ ምንም። ሥራው 20 ዓመት ስለሞላው ነው። አሁን ሁለተኛው ቁጥር ወደ 20 ሲጠጋ የመጀመሪያውን ከፍ ያደርገዋል። 4.20 ሲደርስ 5.0 ያለው የእጁና የእግሩ ጣቶች ስላለቁበት እንደሆነ በቀልድ ተናግሯል። ይህን ቀልድ እስካነብ ስንት ሌሊት ከ4 ወደ 5 መሻገር ምን ታላቅ ነገር ይሆን እያልኩ እንዳደርኩ እሱ አያውቅም።

የእኔ ማሽን በ5.4 ጀመረ። ሳልጠይቀው 5.8፣ 5.11፣ 5.13፣ 5.15 እያለ ወጣ። የእህቴ ልጅ ወደ 22.04 ሲያሻግረኝ ደግሞ 5.19፣ 6.2፣ 6.5፣ 6.8 ሆነ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያችኑ ነጠላ ሰረዝ እለቅም ነበር። ኡቡንቱዎች ደግሞ በራሳቸው እጅ ጅራት ይቀጥሉበታል፤ 6.8.0-45-ጀነሪክ ዓይነት። ዜሮዋ ምንም ቢጠገን ንቅንቅ አትልም። 45 እነሱ ቤት ውስጥ ስንተኛ ጊዜ እንደሠሩት የሚቆጥሩበት ነው። ጀነሪክ ለማንም ይሆናል ማለት ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ርካሹን መድኃኒት ሲሰጡኝ የምሰማው ቃል።

አንድ ማሻሻያ ሲመጣ መስኮት ብቅ ይላል፤ አሁን ጫን ወይስ በኋላ ላስታውስህ ይላል። እኔ የ«በኋላ» ሰው ነኝ። አንዱ ምክንያት ፓኬጅ ነው፤ አንድ ከርነል ከነግሳንግሱ 100 ሜጋባይት ገደማ ያወርዳል፣ እኔ ደግሞ በሜጋባይት ነው የምኖረው። ዋናው ምክንያት ግን እማዬ ናት።

አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ እንደመጣ አይጋገርበትም። ይሟሻል። እሳት ላይ ይጣዳል፣ ጎመንዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ ይታሻል፣ እንደገና ይግላል። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይጣበቃሉ፣ ይቦጫጨቃሉ፣ ዓይን አያወጡም። ሰው ፊት አይቀርቡም። «የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ያልገባው አማርኛ ተናጋሪ የለም። ታዲያ የሊኑክስ አዲስ ከርነል በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት አርሲ 1፣ አርሲ 2 እየተባለ እስከ 7 ወይም 8 ድረስ፣ በየሳምንቱ አንድ፣ ይሟሻል። አርሲዎቹን ወስደው ማሽናቸው ላይ የሚጭኑ በጎ ፈቃደኞች በዓለም ሁሉ አሉ። እግዜር ይስጣቸው፤ ማሟሻዎቻችን ናቸው። የእህቴ ልጅ ራሱ አርች የሚባለውን ነው የሚጠቀመው። ከርነል ትኩስ ትኩሱን ይወስዳል፤ ምጣዱ እሳቱ ላይ ሳለ እጁን ይሰዳል።

እኔም አንዴ ተቃጥያለሁ። ከአንድ ማሻሻያ በኋላ ዋይፋዩ ድራሹ ጠፋ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። የእኔ የዋይፋይ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አብሮ የሚኖር ሳይሆን ከውጭ የሚጋጠም ኖሯል፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል በልኩ እንደገና መሠራት አለበት። የአሮጌው ምጣድ አክንባሎ አዲሱ ላይ ሲከደን ያየ ሰው ይረዳዋል። በአንድ በኩል ይንጠለጠላል፣ በሌላው በኩል እንፋሎቱ ይወጣል፣ እንጀራው ይደርቃል። ሁለት ቀን ኢንተርኔት አልነበረኝም። መፍትሔው ያለው ኢንተርኔት ላይ ነበር።

አሁን ወደዚያች ምሽት። የ300 ገጽ መጽሐፍ እርማት በነጋታው ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። ገጽ 260 ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም አብሮ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። አዲስ ከርነል ስለተጫነ ብቻ ሥራ አይጀምርም። ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ የሚሠራው የቀድሞው ነው። እኔ ደግሞ በገዛ ፈቃዴ አጥፍቼ አላውቅም፤ የሚያጠፋልኝ መብራቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ፣ «አሁን ጫን» ብየው ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀይ ነገር ወጣ። ቦታ የለም፣ ምናምን የሚል። ዘጋሁት። ቀይ እርማቱን ሳያይ የሚመልስለትን ደራሲ ሁሉ «አንብበው እንጂ!» ሲል የሚውል አራሚ፣ ቀዩን ሳያነብ ዘጋ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት መብራት አልጠፋም ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን አመሰግን ነበር።

መብራቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። አበራሁት። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ከዚያ ዝም። የእህቴን ልጅ ደወልኩለት። እማዬ ሻማዋን ይዛ ሶፋው ላይ ናት።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ብዙ ነገር ይላል። መጨረሻው ላይ ከርነል ፓኒክ ይላል።»

እማዬ ቀና አለች። «ኮሎኔሉ ምን ሆኑ?»

ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል አሉ፤ የእድራችን ዳኛ ናቸው።

«ኮሎኔል አይደለም እማዬ፣ ከርነል።»

«እሱማ ሰማሁ። ምን ሆኑ ነው የምልህ?»

«ደነገጠ ነው የሚለው።»

«ደነገጡ? በዚህ ምሽት? ምን ሰምተው ነው?»

በስልኩ በኩል ደግሞ ምርመራው ቀጥሏል። «ሩት የሚል ቃል አለበት? ማውንት የሚል?» አለበት። «እንግዲያው ስንቁን አልያዘም። ቡት ሞልቶ ኢኒትራሙ አልተጻፈም። ቅርብ ጊዜ አፕዴት አድርገሃል?» ዝም አልኩ። «ቀይ ነገር ወጥቶ ነበር?» ዝም አልኩ። «ዘጋኸው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘበኛ ቤቷ ውስጥ ስድስት ከርነል ከነስንቁ ተኝቷል። ሰባተኛው መጣ። ራሱን እንደምንም አስገባ፤ ስንቁ ግን ደጅ ቀረ። መብራት ሲመጣ አዲሱ ስለሆነ ተራው የእሱ ነው፤ ተነስቶ ወደ ዋናው ቤት ሄደ፣ በሩ ተቆልፏል፣ መክፈቻው ስንቁ ውስጥ ነበር፣ ስንቁ የለም። እዚያው ደርቆ ቀረ። መደንገጥ ሲያንሰው ነው።

«አጥፍተህ አብራው። ሲነሳ ኢስኬፕን ጫን። አንዴ ብቻ» አለኝ። እኔ በፍርሃት አራት ጊዜ ተጫንኩት፤ ግራብ የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ብቻ ያለበት ባዶ ስክሪን ላይ ወደቅሁ። እንደገና። በሦስተኛው ሙከራ ዝርዝሩ መጣ። ሁለተኛው መስመር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ይላል። ከፈትኩት። ሁሉም ተሰልፈዋል፤ ለዓመታት ሳላውቃቸው አብረውኝ የኖሩ ስድስት ከርነሎች ከነቁጥራቸው፣ አናታቸው ላይ ደንጋጩ ሰባተኛው።

«ሪከቨሪ የሚለውን አትንካ። ከአዲሱ በታች ያለውን አሮጌውን ምረጥ።»

መረጥኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀ። ከዚያ ያች የማውቃት ስክሪን፣ ያች የማውቃት የጠረጴዛ ፎቶ፤ ገጽ 260 ደግሞ ከነነጠላ ሰረዙ። አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የጠፋብኝ፤ እሱም ባይኖር መጽሐፉ የሚሻለው አንቀጽ ነበር።

«ማነው የሠራው?» አለች እማዬ።

«አሮጌው።»

ምንም አልመለሰችም። ሻማዋን እፍ አለችና ወደ ዕቃ ቤቱ በኩል ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

እሑድ የእህቴ ልጅ መጣና ጽዳት ተጀመረ። በቀላሉ እሺ አላለውም፤ ቡት ከአፍ እስከ ገደፉ ስለሞላ ማጽጃው ራሱ የሚቆምበት አጣ። አንድ ሁለቱን በእጁ ካወጣ በኋላ ነው «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ብሎ ሲያዝ መጥረጊያው መሥራት የጀመረው። መካከል ላይ «አንዱን አንተ አጥፋ፤ ልመድ» ብሎ ኪቦርዱን ሰጠኝ። በድፍረት አንድ ቁጥር መርጬ ጻፍኩ። ማሽኑ ሐምራዊ ሰሌዳ አወጣና ይህ እኮ አሁን እየሠራህበት ያለኸው ከርነል ነው አለኝ። በዚያች ምሽት ያዳነኝን ባለውለታዬን ነበር ላጠፋ የተነሳሁት። ለካ መጀመሪያ ዩኔም በምትባል ትእዛዝ የቱ ላይ እንዳሉ ይጠየቃል። ቀጥሎ ሰሌዳው፣ ማጥፋቱ ይቋረጥ ወይ ሲል ይጠይቃል፤ አዎ ወይስ አይ። በእኛ ቋንቋ «አትመጣም?» ሲሉት «አዎ» ብሎ የሚቀር ሰው አለ፣ «አዎ» ብሎ የሚመጣም አለ፤ በዚህ ተጣልተው ያልታረቁ ባልና ሚስት አውቃለሁ። አዎ ማለት አታጥፋ፣ አይ ማለት አጥፋ መሆኑን አስልቼ እስክጨርስ የእህቴ ልጅ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳው።

ሲያበቃ ሁለት ብቻ ቀሩ። የምሠራበትና፣ ከስንቁ ጋር የታረቀው አዲሱ። ከዚያ የልቤን ነገርኩት። «ሁለተኛ እንዳይለወጥ አድርገህ እሰርልኝ» አልኩት። ይቻላል፤ ሆልድ የምትባል ትእዛዝ አለች፣ ከርነሉን ባለበት ታቆመዋለች። እሱ ግን ላሟን አመጣብኝ።

ከርነሉ ውስጥ ዴርቲ ካው የተባለች፣ በአማርኛ ብንላት ቆሻሻዋ ላም፣ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። በዚያች በኩል ማሽኑ ላይ ተራ አካውንት ያለው ሰው የባለቤቱን ሥልጣን መውሰድ ይችል ነበር፤ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ጓዳ ገብቶ አዛዥ ሆነ ማለት ነው። የተጋለጠችው እ.ኤ.አ. በ2016 ጥቅምት ነው። የገባችው ግን በ2007 ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላሚቱ ግቢ ውስጥ ስትግጥ ይህ ሁሉ የዓለም ጠቢብ አላያትም። ከተያዘች በኋላ ጥገናው ወዲያው ወጣ፤ የደረሰው ግን ላሻሻሉት ብቻ ነው። «ከርነሉን ያሰረ ሰው ላሟንም አብሮ አሰረ» አለኝ። ይህን አባባል ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ አያቱ ጋ ብዙ ይቀመጣል። እንዲታሰር መጠየቄን ተውኩ። ለቡትም አውቶማቲክ መጥረጊያው ተመለሰላት፤ ፓኬጁን እኔ እችለዋለሁ።

እማዬ ቡና ይዛ መጣች። «ስንት አስቀረህ?»

«ሁለት፣ እማማ» አላት።

ትንሽ አሰበች። «ሦስተኛውን ለምን ጣልከው?»

ሰኞ ጠዋት የውጭው በር ተንኳኳ። ኮሎኔሉ ናቸው። ኮፍያ፣ ከዘራ፣ የተወለወለ ጫማ።

«ኮሎኔሉ ደንግጠዋል ብለህ ያስወራኸው አንተ ነህ?»

እናቴ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ለሁለት ሰው ብቻ ነበር የነገረችው። ለሁለት ሰው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ካራማራ ላይ አልደነገጥኩም።»

አስገባኋቸው። ከርነልና ኮሎኔል ለየቅል መሆናቸውን ለማስረዳት ሁለት ሲኒ ቡና ፈጀብኝ። የድግሱን ምሳሌ ወደዱት፤ የዘበኛ ቤቱን አልወደዱትም። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ስልክ አወጡና የእሳቸውም በየጊዜው «አሻሽለኝ» እያለ እንደሚነዘንዛቸው፣ እሳቸውም እምቢ እንዳሉት ነገሩኝ። የአንድሮይድ ስልክ ነው። የእርስዎም እኮ ውስጡ ሊኑክስ ነው፣ ከርነል አለው ብላቸው መነጽራቸውን አወጡ። ስለ ስልኩ የሚለው ውስጥ ገብቼ የከርነሉን ቁጥር አሳየኋቸው። በ4.14 ይጀምራል።

«አሮጌ ነው?»

«በእኛ አቆጣጠር በ2010 ኅዳር የወጣ ነው። ስድስት ዓመት ሲጠግኑት ኖረው ጥር 2016 ላይ ተዉት።»

«ተዉት ማለት?»

«ያው… ጡረታ ወጣ እንደማለት ነው።»

ስልኩን ተቀበሉኝና ቁጥሯን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩዋት።

«ጡረታ ወጥቶም ይሠራል?»

«ይሠራል።» የላሟን ነገር ላነሳባቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጎሽ!» አሉ። ስልኩን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ኪሱን ቆልፈው፣ የእድር ስብሰባ ስላለባቸው ተነሱ።